«ቦርድ ሰርቲፋይድ ነው» ሲሉሽ «በምን?» በያቸው

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። 41 ዓመቴ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ሦስቱንም የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነው። ሆዴ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ጂም ሄድኩ፣ እንጀራ ቀነስኩ፣ ቆዳው ግን እንዳለ ተንጠልጥሏል። ቲክቶክ ላይ ያየሁት አንድ የማያሚ ክሊኒክ ጋ ደወልኩ። ሆዱን ቆርጦ ማስተካከል፣ ስብ መምጠጥና ስቡን ወደ መቀመጫ ማዞር፣ ሁሉንም በ6,500 ዶላር እንሠራልሻለን አሉኝ። እስከ ዓርብ 500 ዶላር ቀብድ ካስያዝኩ ቅናሽም አለው። ሐኪሙ ‹ቦርድ ሰርቲፋይድ› ነው ይላሉ፤ ኢንስታግራሙ ላይም ተጽፏል። ባለቤቴ ‹ያንቺ ሆድ ነው› ብሎ ዝም ብሏል። ለእናቴ አልነገርኳትም። አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ አዲስ አበባ ብትሠሪው ይረክስሻል ትለኛለች። ሐኪሙ እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ?

ሦስቴ የተሰፋሁት»

ሦስቴ የተሰፋሽው እህቴ፣

ስለ ሆድሽ አንድ ነገር ልበልና ልለፈው። በእርግዝና የተለጠጠ ቆዳና መሐሉ የተከፈተ የሆድ ጡንቻ ብዙ ጊዜ በስፖርት አይመለስም። የስንፍና ጉዳይ አይደለም። «እግዜር የሰጠሽን ይዘሽ ኑሪ» የሚልሽ አይጠፋም፤ እኔ አልልሽም። አራተኛ ልጅ የምታስቢ ከሆነ ብቻ አሁን አታሠሪው። እርግዝናው መልሶ ይለጥጠዋል፣ ገንዘብሽም ይቀልጣል።

ወደ ዓርብ እንምጣ። ዓርብን የቀጠሩት እነሱ ናቸው። ሆድሽ ቅዳሜም እዚያው አለ። ቅናሹም፣ እመኚኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስሙን ቀይሮ ይመጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ይሄኛው ሲፈታ ስፌት ነው የሚፈታው።

ስልክ ያነሳችልሽ ልጅ ሐኪም አይደለችም፣ ብዙ ጊዜ ነርስም አይደለችም። «ፔሸንት ኮኦርዲኔተር» ይሏታል። በእኛ ቋንቋ ደላላ ናት። ድለላ ነውር የለውም፤ ቤት ስንከራይም ደላላ እንጠራለን። ግን ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ደላላውን ጠይቆ የሚያምን ሰው አይቼ አላውቅም።

«ሐኪሙ እውነተኛ ነው ወይ?» ብለሻል። ሐኪምነቱ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ነገሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስቴቱ የሚሰጠው ፈቃድ ሰውየው ሐኪም መሆኑን ነው የሚናገረው። የዓይን፣ የልጆች፣ የማህፀን ብሎ አይገድበውም። ስለዚህ ፈቃድ ያለው ሐኪም በራሱ ክሊኒክ ሆድ ልቅደድ ቢል፣ በአብዛኛው ሕጉ አያስቆመውም። በሩ ላይ «ኮስሜቲክ ሰርጀን» ብሎ መለጠፍም ይችላል። መጀመሪያ ስሰማ እኔም አላመንኩም ነበር።

ሰውየው ምን እንደተማረ የሚነግርሽ ቦርዱ፣ ማለትም ሐኪሞችን በየሙያቸው ፈትኖ የሚመሰክርላቸው ድርጅት ነው። የአሜሪካ የሕክምና ስፔሻሊቲዎች ቦርድ የሚባል አንድ ጃንጥላ ድርጅት አለ። ከሥሩ 24 ቦርዶች አሉ፤ የዓይን፣ የአጥንት፣ የማደንዘዣ እያለ እያንዳንዱ ዘርፍ በየራሱ ቦርድ ይመሰከርለታል። ከነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1937 የተቋቋመው አሜሪካን ቦርድ ኦፍ ፕላስቲክ ሰርጀሪ ነው። የዚህን ምስክር ወረቀት የያዘ ሐኪም ከሕክምና ትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ ቢያንስ 6 ዓመት በቀዶ ሕክምና ሠልጥኗል። የጽሑፍ ፈተና ወስዷል። ከዚያም ራሱ የሠራቸውን ኦፕራሲዮኖች ዝርዝር ይዞ ፈታኞች ፊት ቀርቦ «ይሄን ለምን እንዲህ አደረግህ?» ተብሎ ተጠይቋል።

ስሙ በጣም የሚመሳሰል ሌላም አለ፤ አሜሪካን ቦርድ ኦፍ ኮስሜቲክ ሰርጀሪ። ይሄኛው ከ24ቱ ውስጥ የለም። የእሱን ወረቀት የያዘ ሁሉ ቢላ መያዝ አያውቅም ማለቴ አይደለም፤ ከሌላ የቀዶ ሕክምና ዘርፍ የመጡ አሉበት። ግን ፕላስቲክና ኮስሜቲክ በጆሮ ሲሰሙ አንድ ይመስላሉ፣ እና ማስታወቂያው የሚኖረው በዚያ መመሳሰል ላይ ነው። (በነገራችን ላይ እናቴ «ሰው ውስጥ ፕላስቲክ ሊከቱ ነው?» ብላ ደንግጣ ታውቃለች። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ነው፣ መቅረጽ ከሚለው። ላስቲክ ይከታሉ ማለት አይደለም።)

ይሄን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም፣ የአክስቴ ልጅ ናት። የክንዷን ስብ ልታስመጥጥ 300 ዶላር ቀብድ ከፍላ መጣች። እሑድ ነው፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ዕጣኑ ዓይኔን እያቃጠለኝ «እስቲ የሐኪሙን ስም ንገሪኝ» አልኳት። በስልኳ የክሊኒኩን ገጽ ከፈተች። ነጭ ጋውን፣ ነጭ ጥርስ፣ ከሥሩ «ቦርድ ሰርቲፋይድ»። የቦርዶቹን ምስክርነት የሚያሳየው ድረ ገጽ ላይ ስሙን አስገባን፤ የለም። ለካ ገጹ ላይ የተጻፈው የቁልምጫ ስሙ ነው። የስቴቱን የፈቃድ መዝገብ ከፍተን ሙሉ ስሙን አገኘንና ደግመን አስገባን። ወጣ። ቦርድ ሰርቲፋይድ ነው፣ እውነት ነው። በፋሚሊ ሜዲሲን፣ በቤተሰብ ሕክምና።

ሰውየው አልዋሸም። በምን እንደሆነ አልነገራትም እንጂ። እሷም «በምን?» አላለችም፤ ማን ይላል? ስትደውልላቸው «በሺዎች ሠርቷል እኮ» አሏት። 300 ዶላሩም በዚያው ቀረ። ሲኒው ቀዝቅዞ ነበር፣ አንስታ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው።

አንቺም እንደዚያው አድርጊ፣ ግን ቀብዱን ሳትከፍዪ። «ሰርቲፊኬሽን ማተርስ» የሚለውን ድረ ገጽ ክፈቺ። የዚያው የጃንጥላው ድርጅት ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም። የሐኪሙን ሙሉ ስም ጻፊ። «ፕላስቲክ ሰርጀሪ» ብሎ ካወጣ ጥሩ። ሌላ ነገር ካወጣ፣ ለሆድሽ የሚሆን ሰው አይደለም። ለአፍንጫ ቢሆን የተለየ ነገር እነግርሽ ነበር፤ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስቶች ፊት ላይ በደንብ የሠለጠኑ አሉ። ሆድ ግን የእነሱ ሰፈር አይደለም። «ቦርድ ኤሊጅብል» የሚል ካየሽ ደግሞ ሥልጠናውን ጨርሷል፣ ፈተናውን ገና አልጨረሰም ማለት ነው። ከሥልጠና በቅርቡ ለወጣ ወጣት ሐኪም ይሄ የተለመደ ነው። ለሃምሳ ዓመት ሰውዬ ግን ለምን እንደቆየ ይጠየቃል።

ቀጥሎ ፈቃዱን እዪ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የራሱን ስቴት ይፈልጋል። አንቺ የምትኖሪው ሜሪላንድ ቢሆንም ቢላው የሚያርፍብሽ ማያሚ ነው። ስለዚህ የምትከፍቺው የፍሎሪዳ ጤና መምሪያን የፈቃድ መፈለጊያ ነው። ፈቃዱ እየሠራ ነው? የዲሲፕሊን ቅጣት አለበት? ከዚያ «ዶክ ኢንፎ» የሚለውን የስቴት የሕክምና ቦርዶች ፌዴሬሽን ገጽ ተመልከቺ። ሐኪሙ በየትኞቹ ስቴቶች ፈቃድ እንዳለውና ቦርዶች እርምጃ ወስደውበት እንደሆነ ያሳያል። አንዱ ስቴት ተቀጥቶ ሌላው ስቴት በር የሚከፍት አለና። በ20 ዓመት ሥራ አንድ ክስ ካየሽ አትደንግጪ፤ አሜሪካ ክስ እንደ ጉንፋን ነው። ቅጣቱ ከማደንዘዣ፣ ከመዝገብ ማጭበርበር ወይም ከሞተ ሰው ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን ገጹን ዝጊና ሌላ ሐኪም ፈልጊ።

ስለ ፍሎሪዳ አንድ ነገር ጨምሪ። እዚያ አንድ ሐኪም ሕጉ ያስቀመጠውን ሁኔታ ካሟላና ለታካሚዎቹ ካሳወቀ፣ ለሙያ ስሕተት ኢንሹራንስ ሳይኖረው መሥራት ይችላል። ማሳወቂያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈች ወረቀት ልትሆን ትችላለች። ማን ያነባታል? አንቺ በስልክ ጠይቂ።

አሁን እኔ ከሁሉም የምወደውን ጥያቄ ልስጥሽ። «ይሄንኑ ኦፕራሲዮን የትኛው ሆስፒታል ውስጥ እንዲሠራ ተፈቅዶለታል?» በያቸው። ሆስፒታል ለሐኪም እንዲሁ በር አይከፍትም። ትምህርቱን፣ ሥልጠናውን፣ ያለፈ ታሪኩን አጣርቶ ነው የሚያስገባው። የቤተሰብ ሐኪሙን ሆድ ቁረጥ ብሎ የቀዶ ሕክምና ክፍል አይሰጠውም። ስለዚህ ኦፕራሲዮንሽ ክሊኒክ ውስጥ ቢሆንም እንኳ፣ ሆስፒታሉ ለእሱ የሰጠው ፈቃድ ሌላ ሰው ደክሞ ያጣራልሽ ነገር ነው። የሆስፒታሉን ስም ከነገሩሽ ሆስፒታሉ ራሱ ጋ ደውዪ። ከነገሩሽ ነው እንግዲህ። «እኛ ሆስፒታል አያስፈልገንም፣ ሁሉ ነገር እዚሁ አለን» ካሉሽ መልስሽን አገኘሽ።

ክሊኒኩም ራሱ ይመረመራል። «ኳድ ኤ» ወይም «ጆይንት ኮሚሽን» ከመሳሰሉ ድርጅቶች ዕውቅና እንዳለው ጠይቂ። ማደንዘዣውን የሚሰጠው ማን ነው? እስክትነቂ ድረስ ከአጠገብሽ ይቆማል? የሐኪሙን ስም ደግሞ በጽሑፍ ያዢ። ብዙ ታካሚ የሚያስተናግዱ ክሊኒኮች ውስጥ አንዱን ሐኪም መርጠሽ ሄደሽ፣ ጠዋት ጋውን ለብሰሽ ተኝተሽ ሌላ ሰው «ዛሬ እኔ ነኝ» ብሎ ሊመጣ ይችላል። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ጋውን፣ ማን ተነሥቶ ይወጣል?

ስለ መቀመጫው ሳልናገር አላልፍም። ደብዳቤሽ ላይ በሁለት ቃል አልፈሽዋል፤ የጥቅሉ አደገኛ ክፍል ግን እሱ ነው። ስቡ በመርፌ ሲገባ ጠልቆ ጡንቻው ውስጥ ከደረሰ፣ እዚያ ያሉትን ትልልቅ ደም ሥሮች በስቶ ወደ ልብና ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ያኔ ሰው ጠረጴዛው ላይ ይሞታል። በ2017 የፕላስቲክ ሰርጀኖች ግብረ ኃይል ባወጣው ግምት ከ3,000 አንድ ሰው ገደማ ይሞት ነበር። ለውበት ሲባል ለሚደረግ ነገር ይሄ በጣም ከባድ ቁጥር ነው። የፍሎሪዳ የሕክምና ቦርድ በ2022 ባወጣው አስቸኳይ ደንብ አንድ ሐኪም በቀን ከሦስት በላይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር፤ ስቡ ሲገባም መርፌው የት እንዳለ በአልትራሳውንድ እየታየ እንዲሆን አዝዟል። ሦስት ብሎ መገደብ ካስፈለገ ከዚያ በፊት በቀን ስንት ይሠራ እንደነበር አንቺው ገምቺ። የጻፍሽልኝ ስለ ሆድሽ ነው። መቀመጫሽ ምን አደረገሽ? ጥቅል ውስጥ ስላለ ብቻ ከሆነ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። አውጪው።

«እሺ» የሚል ሐኪም ማግኘት ቀላል ነው። እኔ የምፈልግልሽ «ቆይ» የሚለውን ነው። የዘፋኙ የካንዬ ዌስት እናት ዶንዳ ዌስት በኅዳር 2007 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሆድና የጡት ኦፕራሲዮን ተደርጎላት በማግሥቱ ሞተች። 58 ዓመቷ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበረች። ከዚያ በፊት ያማከረችው ሌላ ሐኪም «ልብሽ ሳይታይ አልሠራም» ብሏት እንደነበር በኋላ በአደባባይ ተናግሯል። የሠራላት ሐኪም ቴሌቪዥን ላይ የሚታወቅ ሰው ነበር፤ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ቦርድ ምስክርነት ግን አልነበረውም። አስከሬኗን የመረመረው ቢሮ የሞቷ ምክንያት የልብ ደም ሥር ሕመምና ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተደራረቡ ነገሮች ናቸው አለ፤ በኦፕራሲዮኑ ላይ የተፈጸመ ስሕተት አላገኘሁም ብሏል። ስለዚህ ቢላውን ብቻ መውቀስ አይቻልም። ካሊፎርኒያ ግን በ2009 በስሟ የሚጠራ ሕግ አወጣች፤ ለውበት ኦፕራሲዮን የሚደረግለት ሰው መጀመሪያ በአካል ተመርምሮ ብቁ ነው መባል አለበት። አንቺን እስካሁን ማን መረመረሽ? ደውለሽ በስልክ ዋጋ ተነገረሽ። ደም ግፊትሽን የጠየቀሽ አለ? ደም ማነስ አለብሽ? የወሊድ መከላከያ ትወስጃለሽ? ሲጋራስ? ሺሻ ደግሞ ከሲጋራ ይቆጠራል፣ እንዳትደብቂ። ለራስሽ ሐኪም ሳትናገሪ ወደ ማያሚ አትሂጂ።

ፎቶ ስታዪ የእኛን ቆዳ ፈልጊ። ጠይም ቆዳ ላይ ቁስሉ ከዳነ በኋላ እያበጠ የሚሄድ ጠባሳ፣ ኬሎይድ የሚሉት፣ ይበዛል። አንድ ነገር አድርጊ። ዛሬ ማታ ሻወር ስትወስጂ የኦፕራሲዮን ስፌትሽን በጣትሽ ዳብሺው። ቀጭንና ለስላሳ ነው? ወይስ እንደ ገመድ ከፍ ብሎ ያሳክክሻል? ጆሮሽን ስትበሺስ እንዴት ዳነ? ይሄን ለሐኪሙ ንገሪው። የሆድ ማስተካከያ ጠባሳ ከአንዱ ዳሌ እስከ ሌላው የሚሄድ ነው፤ የአንቺ የወሊድ ስፌት አጠገቡ ትንሽ ናት። «ጠይም ታካሚዎችህ ከአንድ ዓመት በኋላ እንዴት እንደሆኑ አሳየኝ» በዪው። የሦስት ሳምንት ፎቶ ምንም አይነግርሽም። ኮከቡንና አስተያየቱንም ተዪው። አምስት ኮከብ የሰጠችው ልጅ ብዙውን ጊዜ ገና ፋሻዋን አልፈታችም።

የአዲስ አበባው ነገር። አገር ቤት ጎበዝ የፕላስቲክ ሰርጀኖች አሉን፤ የካቲት 12 ሆስፒታል በእሳት ለተቃጠሉ ሰዎች የሚሠራውን ያየ ያውቃል። ቁጥራቸው ግን ትንሽ ነው፤ እዚያም ጠቅላላ ቀዶ ሐኪምና ፕላስቲክ ሰርጀን አንድ አይደሉም። ጥያቄው እዚያም ያው ነው፤ ስፔሻሊቲህ በምን ነው፣ የት ተማርከው፣ ፈቃድህ ላይ ምን ይላል? ለአንቺ ሌላው ችግር መመለሻው ነው። ሆድሽ ተቆርጦ በወሩ ከ12 ሰዓት በላይ አውሮፕላን ላይ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል፤ የረጋው ደም ሳንባ ጋ ከደረሰ ቀልድ የለውም። ቁስሉ ቢያመረቅዝ ደግሞ የሠራልሽ ሰው ባሕር ማዶ ነው። ማያሚም ቢሆን ይሄው ነገር በልኩ አለ። እኔ ብሆን በመኪና የምደርስበትን ሐኪም ነበር የምፈልገው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ እንደሆነ ሐኪም አልጠፋም። ዋጋው ይበልጣል፣ አዎ። አንድ ዓመት ቆጥቢ። ዕቁብ የላችሁም እንዴ?

አንድ ቅር ያለኝ ነገር ለእናትሽ አለመንገርሽ ነው። ሞራል ልሰብክሽ አይደለም። ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ ለቀናት ጎንበስ ብለሽ ነው የምትሄጂው። ከሆድሽ ፈሳሽ የሚያወጡ ቱቦዎች ይኖሩሻል፤ ተለክተው ይደፋሉ። ትንሹን ልጅሽን ለሳምንታት ማንሣት አትችዪም። አራስ ነሽ በቃ፣ ሕፃኑ ብቻ ነው የሌለው። ማያሚ ሆቴል ውስጥ ቱቦሽን ማን ይደፋልሻል? ሌሊት እግርሽ አንዱ ብቻ ቢያብጥ ወይም ትንፋሽ ቢያጥርሽ ማን 911 ይደውላል? «ያንቺ ሆድ ነው» ያለው ባልሽ ቢያንስ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ይውሰድ። እናትሽ ትቆጣለች፤ ተቆጥታ ግን አጥሚቱን ትሠራለች።

ዓርብ ሲደውሉልሽ ስልኩን አንሺ። ቀብዱን እስኪጠይቁሽ አትጠብቂ፤ አንቺ ቅደሚያቸው። «የሐኪሙ ሙሉ ስም፣ ፈቃዱ ላይ እንዳለው፣ ማን ነው?» በዪ። ፊደል በፊደል ያስጽፉሽ። «ቦርዱ በምን ነው? ሆስፒታሉ የትኛው ነው?» ብለሽ ቀጥዪ። ልጅቷ ዝም ካለች፣ ዝም ትበል፤ አንቺ አትሙዪላት። መልሱን ጽፈሽ ላኪልኝ፣ እኔም በዚህ በኩል ስሙን አስገብቼ አያለሁ።